ወረቀቱ ምን አይቶ ይመሰክራል?

ባለፈው እትማችን ስለ ምግብ ቤቱ ሰልፍ የጻፍነው ብዙ ስላነጋገረና ከመምህሮቻችንም አንዳንዶቹን ቅር ስላሰኘ፣ በዚህ እትም ጭቅጭቅ ከማያስነሣ ነገር እንጀምር ብለን ስለ አንድ ስፖርተኛ ፎቶግራፍ ለመጻፍ ተነሣን። ነገሩ ግን እንዳሰብነው ቀላል ሆኖ አልተገኘም። ፎቶግራፉ በተሰቀለበት መኝታ ክፍል የምንኖር ስድስት ተማሪዎች ሦስት ሌሊት ተከራክረን ሳንስማማ ቀርተናል፤ ከሕግ ትምህርት ክፍል የመጡ እንግዶቻችንም ነገሩን አክረውት ሄዱ እንጂ አላላሉትም። ስለዚህ ጉዳዩን ከነክርክሩ በአንባቢ ፊት ማቅረብ ይሻላል ብለናል።

ፎቶግራፉ ቁመቱ 25፣ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አሜሪካኖች ለፊርማ የሚያዘጋጁት የተለመደው መጠን ይኸው ነው። በላዩ የሚታየው ሰው የቺካጎ ቤርስ ተጫዋች የነበረው ዋልተር ፔይተን ሲሆን፣ 34 ቁጥር ለብሶ ኳሱን በብብቱ አጥብቆ ይሮጣል። ፉትቦል ስንል እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ማለታችን እንዳልሆነ ልብ ይባልልን። አሜሪካኖች በዚህ ስም የሚጠሩት ኳሱ በሁለት ጫፉ የሾለ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚያዝና የሚወረወር፣ ተጫዋቾቹም እንደ ጥንት ጦረኛ ራስ ቁር ደፍተው የሚጋጩበት ጨዋታ ነው። ኳስ ይዞ የተሮጠው ርቀት በያርድ ይቈጠራል፤ አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያንሳል። ፔይተን ከ1975 እስከ 1987 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ሲጫወት በድምሩ 16,726 ያርድ ሮጧል። እስከ 2002 ድረስ ከዚህ ያለፈ አልነበረም። እርሱ ራሱ ይህ ክብሩ ሲሰበር አላየም፤ በ1999 በጉበት በሽታ ምክንያት በ45 ዓመቱ ሞቷል።

በፎቶግራፉ ታችኛ ጠርዝ ላይ በሰማያዊ ማርከር ፊርማ አለ። ከፊርማው ሥር ደግሞ 16,726 የሚል ቁጥር በዚያው ቀለም ተጽፏል። ከክፈፉ ጀርባ አንድ ወፍራም ወረቀት ተለጥፏል፤ የሚያብለጨልጭ ተለጣፊ፣ የመለያ ቁጥርና የሻጩ ፊርማ አለበት። ወረቀቱ የሚለው ፎቶግራፉ ቤርሶች ዋንጫ ባነሡበት በ1986 በዋልተር ፔይተን በራሱ እጅ የተፈረመ መሆኑ ተረጋግጧል ነው። ይህን ቃል አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ፎቶው እንዴት እኛ ዘንድ ሊደርስ ቻለ? የክፍላችን ጓደኛ አጎት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በሱዳን በኩል ተሰድደው በ1985 ቺካጎ ገቡ። እንደ ደረሱ ያገኙት ሥራ በአንድ ምግብ ቤት ሌሊት ሳህን ማጠብ ነበር። ጃኑዋሪ 26 ቀን 1986 ቤርሶች በኒው ኦርሊንስ ከተማ በተደረገው ሃያኛው ሱፐር ቦውል የኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስን 46 ለ 10 አሸነፉ። ጋሼ የጨዋታውን ሕግ ጨርሶ አያውቁም ነበር። ከማድ ቤቱ ወጥተው ያዩት ግን በዚያ ብርድ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሲተቃቀፍ ነው። የማያውቋቸው ሰዎች እርሳቸውንም አቀፏቸው። «እዚያ አገር ከገባሁ ጀምሮ ከየት መጣህ ሳልባል ያደርኩት ያን ሌሊት ብቻ ነው» ብለው ባለፈው ዓመት ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ አጫውተውናል። ስለ ፔይተን ሲያወሩም እንዲህ አሉ፦ ቡድኑን ያን ያህል ዓመት በትከሻው የተሸከመ ሰው በዚያች በዋንጫዋ ቀን አንዲት ነጥብ እንኳ አላገባም፤ ከ46ቱ ነጥብ የእርሱ የለበትም። ይህ እውነት ነው፤ መዝገቡን አይተን አረጋግጠናል። ጋሼ ሰውየውን የወደዱት ለዚህ ይመስለናል።

ኋላ ወደ ቨርጂኒያ ተዛወሩ፤ ዛሬ በዋሽንግተን አጠገብ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ይሠራሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ይህን ፎቶ አይተው በ350 ዶላር ገዙት። ለወንድማችን ዩኒቨርሲቲ መግቢያውን በማለፉ የሰጡት ስጦታ ይህ ነው።

እንግዲህ ክርክሩ የተነሣው ባለፈው ወር ነው። የባለ ፎቶው ኮምፒውተር የመመረቂያ ጽሑፉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ተበላሸ። ወደ አሜሪካ የሚሄድ አንድ የሠፈሩ ልጅ ይህን ሰምቶ መጣና ፎቶውን እዚያ ወስጄ እሸጥልሃለሁ፣ ከ500 ዶላር አያንስም አለው። ከመካከላችን አንዱ ስለ ፊርማው እውነተኛነት ቢጠይቀው እየሳቀ «ወረቀቱ ካለ ማን ይጠይቃል?» ብሎ መለሰ።

ይህን አነጋገር ያልወደደው የስታትስቲክስ ተማሪው ጓደኛችን ነው። በዚያው ማታ ስለ 16,726 ቁጥር ማንበብ ጀመረ። ቁጥሩ ከላይ እንዳልነው የፔይተን የዕድሜ ልክ ድምር ነው። ይህ ድምር የሞላው ግን የመጨረሻው የጨዋታ ዘመኑ በ1987 ሲያልቅ ነው። ቤርሶች ዋንጫውን ባነሡ ጊዜ፣ በ1986 መግቢያ ላይ፣ ድምሩ ገና 14,860 ነበር። ታዲያ በ1986 የፈረመ ሰው ሌላ ሁለት የጨዋታ ዘመን ተጫውቶ የሚደርስበትን ቁጥር፣ ያውም አንዲት ያርድ ሳያዛንፍ፣ ከየት አምጥቶ ጻፈው? ነቢይ ካልሆነ በቀር አይቻልም።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ባለ ፎቶው ክፈፉን ከግድግዳው አውርዶ ጀርባውን ብዙ ጊዜ አነበበ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባ ነገር አለ፤ እኛም በመጀመሪያው ሌሊት ስተናል። ከቁጥሩ የምናገኘው ማስረጃ ፊርማው ሐሰት ነው አያሰኝም። ፔይተን በ1990 ወይም በ1995 ቀርቦ በደስታ ፈርሞት ይሆናል፤ ብዙ ፈርሟልና። የምናገኘው ማስረጃ ወረቀቱ ያላየውን እንደ መሰከረ ብቻ ነው። ፊርማው እውነት ሆኖ ምስክሩ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ፊርማው ሐሰት ሆኖ ምስክሩም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ይዘን የቱ እንደ ሆነ መለየት አንችልም፤ ወረቀቱ የተጻፈው ግን ይህንኑ እንድንለይበት ነበር!

በቋንቋችን ይህን ዓይነቱን ሰነድ የምስክር ወረቀት እንለዋለን። ምስክር ደግሞ በአገራችን ደንብ ያየ፣ የሰማ፣ በቦታው የነበረ ሰው ነው። ገንዘብ ሲበደሩ እማኝ የሚቈጠረው ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በዓይኑ ያየ ነው። ሌላው ሰው የፈለገውን ያህል አዋቂና የተከበረ ቢሆን፣ የተበዳሪውን ጠባይ አውቃለሁና ተበድሮ ይሆናል ብሎ ቢናገር፣ ሽማግሌዎቹ ቃሉን ይሰሙታል እንጂ እማኝ አያደርጉትም። የዛሬው ሐሳባችን እንግዲህ ይህ ነው፦ በፊርማ ንግድ የምስክር ወረቀት ተብሎ ከሚሸጠው የሚበዛው ምስክርነት አይደለም፤ ግምት ነው። ግምትም ራሱን ግምት ብሎ እስከ ጠራ ድረስ ነውር የለበትም።

ይህን የምንለው አሜሪካኖቹን ለመንቀፍ አይደለም። ነገሩን ከእኛ ይልቅ እነርሱ ራሳቸው በጥልቀት መርምረውታል። በ1990ዎቹ መካከል የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ.ቢ.አይ.፣ በቺካጎ በኩል የሐሰተኛ ፊርማ ነጋዴዎችን ማሳደድ ጀመረ። ከዚያም ከ1997 ጀምሮ በካሊፎርኒያ፣ በሳን ዲየጎ ከተማ፣ «ኦፐሬሽን ቡልፔን» የተባለ ስውር ምርመራ ተካሄደ፤ መርማሪዎቹ ነጋዴ መስለው ገብተው በ1999 በብዙ ቤቶችና መደብሮች ላይ በአንድ ጊዜ ፍተሻ ተደረገ። በውጤቱ ከ60 በላይ ሰዎች ተከሰው ተፈረደባቸው። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል ሰውን ሁሉ ያሳቀው የእማሆይ ቴሬሳ ፊርማ ያለበት የቤዝቦል ኳስ ነው። (የካልካታዋ መነኵሲት ኳስ ላይ ስትፈርም ለማሰብ ሞከርን፤ አልቻልንም።) ነገር ግን ከኳሷ ይልቅ እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። አስመሳዮቹ ፊርማውን ብቻ አልነበረም የሚሠሩት፤ ከየዕቃው ጋር የምስክር ወረቀት አብረው ያቀርቡ ነበር። ቢሮውም ከዚያ በኋላ ለሕዝቡ በሰጠው ምክር የምስክር ወረቀት መኖሩ ብቻውን ለእውነተኛነት ዋስትና እንደማይሆን አስገንዝቧል። እንዲህ ከሆነ የሠፈራችን ልጅ «ወረቀቱ ካለ ማን ይጠይቃል?» ያለው የሐሰተኞቹን ዋና ዘዴ ሳያውቀው ነው።

ከዚህ ወዲህ ሻጭ ራሱ ለራሱ የሚጽፈውን ወረቀት የሚያምን ስለ ቀነሰ፣ ፊርማ መርምረው ማረጋገጫ የሚሰጡ ኩባንያዎች ገኑ። ፒ.ኤስ.ኤ.፣ ጄ.ኤስ.ኤ. እና ቤኬት የሚባሉት ዋነኞቹ ናቸው። በሥራቸው ላይ ማፌዝ አይገባም፤ ብዙ ዕውቀት ያለበት ነው። መርማሪው አጠያያቂውን ፊርማ እውነተኛነታቸው ከታወቀ ፊርማዎች ጋር ያስተያያል። እጅ ሲፈርም ይፈጥናል፣ ይጫናል፣ ይለቃል፤ ቀለሙም በዚያው ልክ ይወፍራል፣ ይሳሳል። አስመሳይ ግን አይፈርምም፣ ይሥላል፤ ስለዚህ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ብዕሩ ማቆም በማይገባው ቦታ ቆሞ ጠብታ ይተዋል። አንዳንዴም በእጅ ምትክ ማሽን ይፈርማል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ አውቶፔን በተባለ የመፈረሚያ መሣሪያ ይጠቀሙ እንደ ነበር ዛሬ የታወቀ ነው። የማሽን ፊርማ የሚታወቀው ስሕተት ባለማድረጉ ነው፤ ሁለት ፊርማዎች አንዱ በሌላው ላይ ሲደረቡ ፈጽሞ ከገጠሙ የሰው እጅ አልሠራቸውም።

ቀለሙና ወረቀቱም ይናገራሉ። ፊርማ ሰብሳቢዎች ሁሉ የሚይዙት ሻርፒ የተባለው ማርከር ለገበያ የወጣው በ1964 ነው። የፉትቦል ተጫዋቹ ጂም ቶርፕ የሞተው ደግሞ በ1953 ነው። በሻርፒ የተፈረመ የቶርፕ ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር እንግዲህ ከመቃብር የመጣ ፊርማ ይዟል ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ማታለያ ግን ምንም ቀለም የሌለበት ነው፤ እውነተኛ ፊርማ ያለበት ፎቶ እንደገና በፎቶ ይነሣና ይታተማል። ይህ ለዓይን ፈጽሞ እውነት ይመስላል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን ቀለሙ በወረቀቱ ላይ ተኝቶ አይገኝም፤ ፊርማውም እንደ ሥዕሉ ሁሉ የማተሚያ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል።

ይህ ሁሉ ሲነገር የሕግ ተማሪዎቹ እንግዶቻችን ተነሡብን። «ፍርድ ቤትም የእጅ ጽሑፍ ዐዋቂ ይጠራል፤ ያላየውን በዕውቀቱ ይናገራል፤ ዳኛም ይቀበለዋል። እናንተ የዐዋቂን ቃል ከሜዳ ልትጥሉት ነው?» አሉን። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አንድ ሌሊት ወስዶብናል። መልሳችን ይህ ነው። በፍርድ ቤት ዐዋቂው አስተያየት ሰጪ ተብሎ ይቀርባል እንጂ እማኝ ተብሎ አይቀርብም፤ ተከራካሪውም ወገን በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈትነዋል። ፎቶ የሚገዛ ሰው ግን መርማሪውን አያገኘውም፤ የሚያገኘው ተለጣፊውን ነው። ኩባንያዎቹ ራሳቸው በደንባቸው የሚሰጡት አስተያየት መሆኑን ይጽፋሉ። ለምርመራው የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ መሸጥ የሚፈልገው ሰው ነው፤ ክፍያውም እንደ ፈራሚው ዝና ከፍና ዝቅ ይላል። ከዚህ የተነሣ ያጭበረብራሉ አንልም። የምንለው፣ አስተያየት የነበረው ቃል ከመርማሪው ጠረጴዛ ተነሥቶ እስከ ገበያ አዳራሹ መስኮት ሲደርስ መንገድ ላይ ምስክርነት ሆኖ ይገኛል ነው። ማን እንደ ለወጠው አይታወቅም። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ለውጦታል።

እውነተኛ ምስክርነት በዚህ ንግድ አይገኝም ማለት ግን አይደለም። የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ ከቡልፔኑ ጉድ በኋላ በ2001 የጀመረው አሠራር እንደ እኛ እማኝ ያለ ነው። በየጨዋታው የሚመደቡ አረጋጋጮች አሉ፤ ብዙዎቹ ፖሊስ የነበሩ ወይም የሆኑ ሰዎች ናቸው። ኳሱ ከሜዳ ሲወጣ ወይም ተጫዋቹ ሲፈርም በዓይናቸው ካላዩ ተለጣፊውን አይለጥፉም። ዕቃው የቱንም ያህል እውነት ቢመስል፣ ባለቤቱ ቢምልም ቢገዘትም፣ ካላዩ አላዩም። በፉትቦልም በኩል ቢሆን አረጋጋጭ ኩባንያው ሰው ልኮ ሲፈረም ያየው ዕቃ «በምስክር ፊት የተፈረመ» ተብሎ ለብቻው ይለያል። የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግም ነጋዴው ፊርማው በፊቱ የተፈረመ እንደ ሆነና እንዳልሆነ በወረቀቱ ላይ እንዲገልጽ ያዝዛል። ያ ሕግ በ2017 መግቢያ ላይ ከ5 ዶላር በላይ በሚሸጥ ፊርማ ያለበት ዕቃ ሁሉ ላይ እንዲሠራ ተደርጎ፣ መጽሐፍ ሻጮች ቢጮኹ በዚያው ዓመት ወደ 50 ዶላር ከፍ ተደርጓል። እንዲያውም ሳናውቅ የተከራከርንበት ጉዳይ በእነርሱ አገር በምክር ቤት የተነሣ ነው።

ከሁሉ የበለጠ የወደድነው ግን ኩባንያም ሕግም የሌለበትን ነው። የግሪን ቤይ ፓከርስ ቡድን በ1967 የመጀመሪያውን ሱፐር ቦውል 35 ለ 10 አሸንፎ የወሰደው ነው። በዚያች ትንሽ ከተማ ከአሠልጣኙ ከቪንስ ሎምባርዲ ዘመን ጀምሮ የቆየ ልማድ አለ፤ በክረምቱ ልምምድ ወቅት የከተማው ልጆች ብስክሌታቸውን ይዘው በር ላይ ይሰለፋሉ፤ ተጫዋቾቹም የልጆቹን ብስክሌት ተውሰው እየነዱ ወደ ልምምድ ሜዳ ይሄዳሉ፣ ልጁ የራስ ቁሩን ይዞ በጎን ይሮጣል። ያ ልጅ ያን ቀን አንድ ፎቶ ቢያስፈርም ማን ያረጋግጥለት? ምስክሩ እርሱ ራሱ ነው። ካደገ በኋላ መሸጥ ቢፈልግ አንድ ነጋዴ ወረቀት የለውም ብሎ ዋጋውን ይቀንስበት ይሆናል። የጋሼ ፎቶ ግን ወረቀት ስላለው ዋጋው ከፍ ይላል። የገበያው ነገር እንዲህ ተገልብጦ ይገኛል!

አንድ ነገር ጣል እናድርግና ወደ ክፍላችን እንመለስ። ሰብሳቢዎች ከአንድ ተጫዋች ፎቶ ይልቅ የመላው ቡድን ፊርማ ያለበትን አጥብቀው ይፈልጋሉ። የ1972ቱ ማያሚ ዶልፊንስ ለምሳሌ በዚያ የጨዋታ ዘመን 17 ጊዜ ተጫውተው 17ቱንም ያሸነፉ ናቸው፤ የመጨረሻውም በጃኑዋሪ 1973 ዋሽንግተንን 14 ለ 7 ያሸነፉበት ሱፐር ቦውል ነው። በዚያ ጨዋታ ጋሮ የፕሬሚያን የተባለ በቆጵሮስ የተወለደ አርመናዊ መቺ ነበራቸው። የመታው ኳስ ተጨናግፎ ሲመለስበት አንሥቶ ልወርውር ቢል ከእጁ ሾለከና ተቃራኒው ነጥቆ ሄዶ አገባበት። ለዋሽንግተን ያቺ ብቸኛዋ ግብ ናት። ታዲያ የዚያ ቡድን ፎቶ የየፕሬሚያን ፊርማ ከጐደለው ሙሉ አይባልም፤ ያበላሸውም ሰው ከአሸናፊዎቹ አንዱ ነውና። ችግሩ፣ በእንዲህ ያለው ፎቶ ላይ አርባ ፊርማ ቢኖር ሠላሳ ዘጠኙ እውነት ሆኖ አንዱን ሌላ ሰው ሊሞላው ይችላል። ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት ስለሌሉ ጐደሎውን ለመሙላት ያለው ፈተና ከፍ ያለ ነው።

ወደ ክፍላችን። ከስድስታችን ሁለቱ ፎቶው ከነወረቀቱ ይሸጥ ይላሉ፤ ምክንያታቸውም እንዲህ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ወንድማችን ኮምፒውተር ያስፈልገዋል። ዘንድሮ ካልተመረቀ እናቱ ሌላ ዓመት ልትጠብቅ ነው። ወረቀቱን እርሱ አልጻፈም፤ እንደ ተቀበለው ያስተላልፈዋል፤ አንድም ቃል አይዋሽም። ደግሞም ገዢው አሜሪካዊ ነው፣ 500 ዶላር አያጐድለውም ይላሉ።

እኛ አራታችን ግን አንስማማም። ቍጥሩን ከማየታችን በፊት ቢሸጥ ኖሮ የሚሉት ልክ ነበር። አሁን ግን አውቀናል። ሐሰት መሆኑን ያወቁትን ወረቀት ዝም ብሎ ማቀበል በወረቀቱ ሥር አንድ ፊርማ መጨመር ነው። ስለ ገዢው ሀብትም የተባለው ከየት እንደ መጣ አናውቅም። ያንን ፎቶ ባለፈው ጊዜ የገዛውን ሰው ግን እናውቀዋለን፤ በመኪና ማቆሚያ ሌሊት የሚሠራ፣ 350 ዶላሩን ከወር ቤት ኪራዩ ቀንሶ የከፈለ ሰው ነው። ቀጣዩ ገዢ እንደ እርሱ ያለ አይሆንም ያለን ማነው?

መሸጡ ቀርቶ ወረቀቱን አንሥቶ «ፊርማው እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም» ብሎ መሸጥም ይቻላል። ባለ ፎቶው ይህን ለሠፈሩ ልጅ ነግሮታል። ልጁም እንዲያ ከሆነ ለክፈፉ ያህል 20 ዶላር ቢገኝ ነው ብሎ ትቶት ሄደ። ኮምፒውተሩን በተመለከተ አሁን ወንድማችን በቤተ መጻሕፍቱ ማሽን እየተጠቀመ ነው፤ ማታ በ4 ሰዓት ስለሚዘጋ ግን በቂ አይደለም። አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ እስከ ሰኔ ብታውሱት በአዘጋጆቹ በኩል ልታገኙት ትችላላችሁ።

የቀረው ከሁሉ የከበደው ነው፤ ለጋሼ ይነገራቸው ወይስ አይነገራቸው? በዚህ ላይ ስድስታችንም ስድስት ሐሳብ አለን። አንዱ ስጦታን መመርመር ራሱ ነውር ነው ይላል። ሌላው፣ አታልለዋቸዋልና ሱቁን ሊጠይቁ መብታቸው ነው፣ ዝም ማለት መብታቸውን መንፈግ ነው ይላል። ባለ ፎቶው ባለፈው እሑድ ስልክ ደውሎላቸው ነበር። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ እናቱ ተነጋገሩ። ጋሼ በመጨረሻ «ሰውየው ደኅና ነው?» ብለው ጠየቁት፤ ፎቶውን ማለታቸው ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሉት። «ደኅና ነው፣ ጋሼ» አላቸውና ስልኩን ዘጋ። እኛም በዚያ ሰዓት ምንም አላልነውም።

ሳይነግራቸው በፊት ቢያንስ አንድ ነገር ማወቅ ይፈልጋል፤ ፊርማው በእርግጥ ቀለም ነው ወይስ የታተመ? ቀለም ከሆነ የአንድ ሰው እጅ ነክቶታል፤ የማን እንደ ሆነ ባይታወቅም የፔይተን የመሆኑ ተስፋ አይቈረጥም። የታተመ ከሆነ ነገሩ ያለቀ ነው። ይህን ለማየት ደኅና ማጉያ ያስፈልጋል፤ የእኛ የመነጽር ሱቅ አጉሊ አልበቃም። ስለዚህ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል መምህሮቻችንን በአክብሮት የምንለምነው፣ ከተማሪዎች የተግባር ትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ማክሰኞ ወይም ኀሙስ ማታ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ ለግማሽ ሰዓት እንዲፈቅዱልን ነው። ፎቶውን ከክፈፉ አውጥተን ይዘን እንመጣለን። ወረቀቱን ግን አናመጣውም።